ልቤን ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፤ ዱባይ ልጄ ጋ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የአንባብያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

(የዚህ አምድ አዘጋጅ በልብ ሕሙማን ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገሉና አሁን ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን አሉ? የ63 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ጠባሴ እኖራለሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ የልብ ባይፓስ ተሠራልኝ። ደረቴ ተከፍቶ፣ ከግራ እግሬ ደም ሥር ተወስዶ ሦስት ቦታ ተቀጥሎልኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ደህና ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ በእግሬ እመለሳለሁ። ዱባይ የምትሠራው ልጃችን ሦስት ሳምንት እንድናርፍ ብላ ለእኔና ለእናቷ የሐምሌ ቲኬት ቆርጣለች። ባለቤቴ በርበሬውን አስፈጭታ ጨርሳለች። ጎረቤት ግን አላስቀመጠኝም። አንዱ «ሰማይ ላይ አየር የለም፣ ልብህ ቀጥ ትላለች» ይለኛል። ሌላው «ደረትህ የታሰረበት ሽቦ ቦሌ ፍተሻ ላይ ይጮህና ያስይዝሃል» ይለኛል። ሐኪሜ «ሦስት ወር ከሞላህ መሄድ ትችላለህ» ብሎኛል፤ ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ዝርዝሩን ለመጠየቅ አፈርኩ። ምን ይመክሩኛል?
መ. ተ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሂዱ። ሐምሌን ግን ይተዉትና ወደ ኅዳር ያሻግሩት። ምክንያቱን ኋላ እነግርዎታለሁ፤ አስቀድሜ ከጎረቤቶችዎ ጋር ያለኝን ልጨርስ።

«ሰማይ ላይ አየር የለም» ያሉት ሰው ከመስኮቱ ውጭ ስላለው ከሆነ አልተሳሳቱም። አውሮፕላን 11 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ሲበር ውጭ ያለው አየር ለሰው አይበቃም። እርስዎ የሚቀመጡት ግን ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ አየር እየታመቀ ይገባል። ሕጉ የውስጡ አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ አገር አየር እንዳይሳሳ ያስገድዳል። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ወደ 1,830 ሜትር ያወርዱታል። ደብረ ብርሃን ስንት ናት? 2,840 ሜትር ገደማ። ታክመው ከተመለሱ ወዲህ የሚበሉትም፣ የሚተኙትም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙትም አውሮፕላኑ ሊያሳይዎት ከሚችለው ከፍታ በላይ ሆነው ነው። ቦሌ ራሱ 2,330 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ በአዲሶቹ አውሮፕላኖች ሲነሡ ሳንባዎ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው የሚሄደው። እርስዎ መምህር ነዎትና በቁጥር ልንገርዎት፤ የባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት መቶ ቢባል፣ የደብረ ብርሃን 71 ያህል ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ቢያንስ 74፣ በአዲሶቹ ደግሞ 80 ይሆናል።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሚያስደነግጠው በአብዛኛው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ስለተጻፈ ነው። ለለንደን ሰው አውሮፕላን ውስጥ መግባት ድንገት ደጋ እንደ መውጣት ነው። ለመንዝ ሰውማ፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ተቀምጦ፣ ምኑ ነው? ይህን ስል ግን ደገኛ ሁሉ ይብረር አላልኩም። ቤቱ ተቀምጦ የሚያለከልክ፣ እግሩ ያበጠ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመረ፣ ቁስሉ የሚያዥ፣ አረፍ ብሎም ደረቱን የሚወጋው ሰው መሄድ ያለበት ወደ ሐኪም ቤት እንጂ ወደ ቦሌ አይደለም። እኛ ዘንድ የቆየው መፈተኛ ቀላል ነው፤ መቶ ሜትር ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ወይም አንድ ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ መውጣት። ይህን ሳይንገላቱ ከጨረሱ አብዛኛውን ጊዜ በረራውም አይከብድዎትም። ያውም እርስዎ ፈተናውን ደብረ ብርሃን ላይ ነው የሚወስዱት።

አየር በእውነት የሚያስፈራበት አንድ ጊዜ አለ፤ እሱም ገና ከኦፕራሲዮን የተነሡ ሰሞን ነው። ደረት ሲከፈት ሳንባ አካባቢ የቀረ አየር ካለ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ያ አየር ይነፋል፤ ሳንባን ይጫናል። ስለዚህ ምንም ያልተወሳሰበበት ሰው እንኳ ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን አይበርም። ብዙ ሐኪሞች ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይላሉ፤ የእርስዎ ሦስት ወር ማለቱ አጥንቱንም አስቦ ነው፤ ወድጄለታለሁ።

ሽቦውን በተመለከተ፣ ደረትዎ የተሰፋበት የማይዝግ ቀጭን ብረት ነው፤ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል፤ የቦሌም ሆነ የዱባይ ፍተሻ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማውም። ቢጮህም የሚያስይዝ ነገር የለም። የሸሚዝዎን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ አድርገው ጠባሳውን ያሳያሉ፤ የሐኪምዎን ደብዳቤ ይሰጣሉ፤ ያልፋሉ።

አሁን እኔ ወደምፈራው ልምጣ። ሻንጣው ነው። በርበሬው መፈጨቱን ጽፈውልኛል፤ ሽሮው፣ በሶው፣ ጭኮው፣ ቅቤው፣ የገብስ ቆሎው እንደሚከተል አልጠራጠርም። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ይፈቀዳል ከተባለ የእኛ ሰው 23ቱንም ሞልቶ፣ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ተርፎት፣ ሚዛኑ ፊት መሬት ላይ በርከክ ብሎ ያወጣል፣ ይከታል። ለእርስዎ አደገኛው ቦታ ይኸው ነው። በመጋዝ የተከፈለው የደረት አጥንት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይያያዛል፤ ጠበቅ ብሎ የሚገጥመው ግን ሦስተኛው ወር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ከአምስት ኪሎ በላይ ማንሳት፣ ከባድ በር በአንድ እጅ መሳብ፣ ከወንበር ሲነሡ በሁለት እጅ ገፍቶ መነሣት፣ ከራስ በላይ ያለው የአውሮፕላን መደርደሪያ ላይ ቦርሳ መስቀል አይፈቀድም። ከዚያም በኋላ ቢሆን መጀመሪያ የሚያነሱት ነገር ሻንጣ መሆን የለበትም። ሲተነፍሱ ወይም ሲያስሉ አጥንቱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለው ጉዞውን አቁመው ሐኪምዎን ያሳዩ። ቲኬቱ ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ዊልቼር ይጠይቁ። ያፍራሉ፤ አውቃለሁ፤ መምህር በተማሪዎቹ ፊት ተገፍቶ ሲሄድ ደስ አይለውም። ግን ዊልቼሩን የሚገፋው ልጅ የእጅ ሻንጣዎንም ይይዝልዎታል፤ የኢሚግሬሽንን ረጅም ሰልፍም ያስቀርልዎታል። ባለቤትዎን ደግሞ «የእሱን ሻንጣ እኔ ልሸከም» እንዳይሉ ይንገሩልኝ፤ የእርሳቸውም ወገብ ወገብ ነው። ተሸካሚ ይከፈለው።

ሁለተኛው እግርዎ ነው። የዱባይ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ቲኬቱን ያየ ሰው «አጭር ነው» ይላል። እግር የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና፣ ቦሌ ሦስት ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ በረራው፣ ከዚያ ከዱባይ ማረፊያ እስከ ልጅዎ ቤት። ሲደማመር ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ደም ሥር የተወሰደበት ግራ እግርዎ ከቀኙ ቀድሞ ያብጣል፤ ተቀምጦ የዋለ ደም ደግሞ ይረጋል። መንገድ ላይ ሸኖ ወይም ሰንዳፋ ወርደው ይንቀሳቀሱ። ጠባቡን የሕክምና ካልሲ ፋርማሲ ውስጥ እግርዎን አስለክተው ይግዙ፤ ሳይለካ የተገዛ ካልሲ ጉልበት ሥር አንቆ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አውሮፕላን ውስጥ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ይጠይቁ፤ በየሰዓቱ ተነሥተው ሽንት ቤት ድረስ ደርሰው ይመለሱ፤ ተቀምጠው ሳሉም ተረከዝዎን ጣል አንሣ ያድርጉ። የውስጡ አየር ደረቅ ነውና ውኃ ይጠጡ፤ ሐኪምዎ ውኃ በልክ ካለዎት ግን በልኩ። ነጻ ነው ተብሎ የሚቀርበውን ወይንና ውስኪ ይለፉት።

መድኃኒት። ሁሉም ክኒን በእጅ ቦርሳ፣ በየራሱ ማሸጊያ። አንድ ፌስታል ውስጥ ተደባልቆ የሚሄድ ክኒን የጠፋ ክኒን ነው። ለሦስት ሳምንት ጉዞ የአምስት ሳምንት ይያዙ። ደረትዎን ሲያምዎት የተሰጥዎት ማስታገሻ ትራማዶል ከሆነ ወይም ኮዴይን ካለበት ግን ቤትዎ ይቅር። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እነዚህ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መግባት ያስከስሳል። ፓራሲታሞል ይበቃዎታል። ውኃ የሚያስሸናዎትን ክኒን፣ ላሲክስን፣ «መንገድ ላይ ያስቸግረኛል» ብለው ብዙ ሰዎች ይዘሉታል፤ ማታውን እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ይደርሳሉ። አይዝለሉ። ሰዓቱን አሳልፎ መዋጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ስለ በሽታዎ፣ ስለ ኦፕራሲዮኑና ስለ መድኃኒቶችዎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ፓስፖርትዎ ውስጥ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ሲጠይቁ ያልጠየቁትንም አብረው ይጠይቁ፤ የተሰለፈው ሰው ይጠብቅ፤ እርስዎም ተሰልፈው ነው የገቡት።

የሰዓት ነገር እንዳይረሳ። የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሚቀድም ክኒኑን አይረብሽም። የሚያሳስተው አቆጣጠሩ ነው። ቲኬቱ ላይ «ረቡዕ 01፡30» ካለ በእኛ ከሌሊቱ 7፡30 ነው፤ ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ አጥቢያ። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። ለክኒኑም «ማታ 2 ሰዓት» ብለው ማታውን ይጻፉ፤ ቤት ውስጥ ግማሹ በሐበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ ሰዓት በሚያወራበት አገር «2 ሰዓት» ብቻ ማለት አደጋ አለው።

ሐምሌን ይተዉት ያልኩት ለሙቀቱ ነው። በሐምሌ ዱባይ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ ሲጨመርበት ላብ አይደርቅም። እርስዎ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ክረምት ወጥተው ነው የሚገቡበት። የደም ግፊት ክኒንና የሚያስሸና ክኒን የሚወስድ ሰው እንዲህ ባለ ሙቀት ሰውነቱ ይደርቃል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከአልጋ ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ ይወድቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መክረም ከሆነ ምን ዕረፍት ይባላል? ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደስ ይላል፤ ማታ ማታ ባሕሩ ዳር መንሸራሸር ይቻላል፤ አጥንትዎም ያኔ በደንብ ይገጥማል። ቲኬቱን ለማስቀየር የሚከፈል ካለ ልጅዎ ትክፈል፤ አባት ነው የምትጋብዘው። የጉዞ መድን ስትገዛልዎትም ባይፓስ መሠራትዎን አስመዝግባ ይሁን። ቀድሞ የነበረን ሕመም ደብቆ የተገዛ መድን በሚያስፈልግበት ሰዓት አይከፍልም፤ የዱባይ ሆስፒታል ሒሳብ ደግሞ በጡረታ አይቻልም።

ማንም የማይነግርዎት ደግሞ መመለሻው ነው። ለእኛ አገር ሰው ከበረራው ይልቅ የሚከብደው ቤት መግባት ነው። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ናት። ሦስት ሳምንት እዚያ የከረመ ሰውነት ደጋውን በከፊል ይረሳል፤ እንደ አንዳንዶች አሜሪካ ልጆቻቸው ጋ ስድስት ወር የከረመ ደግሞ ይብስበታል። ሌሊት ቦሌ ወርዶ በዚያው ሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን መውጣት፣ በማግሥቱ እንኳን ደህና መጣህ የሚል ዘመድ ሲያስተናግዱ መዋል፣ ዶሮ ወጥ፣ ጠላ፣ ከዚያ ሻንጣ ማራገፍ... እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ናቸው «አውሮፕላኑ ጎዳኝ» የሚሉት። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አንድ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ደብረ ብርሃን ሲገቡ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ከተለመደው የጠዋት እርምጃዎ ግማሹን ብቻ ይሂዱ። ትንሽ ራስ ምታት፣ ትንሽ የእንቅልፍ መቆራረጥ ይኖራል፤ ያልፋል። የማያልፍ የትንፋሽ ማጠር ግን ከደጋው አይደለምና ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሲሄዱም እንደዚሁ፤ መንገዱ የሚያስኬድበትም የማያስኬድበትም ቀን ስላለ፣ በበረራው ዕለት ሳይሆን ከዋዜማው በፊት አዲስ አበባ ይግቡ። በጭንቀት የሚሮጥ ልብ አንፈልግም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደብረ ሲና እኖራለሁ። በልጅነቴ የቶንሲል መዘዝ ያበላሸው የልቤ በር፣ ሚትራል የሚሉት፣ ከአራት ዓመት በፊት በብረት ተቀይሮልኛል። በየቀኑ ደም የሚያቀጥነውን ክኒን፣ ዋርፋሪንን፣ እወስዳለሁ፤ በየወሩም መርፌ እወጋለሁ። ዘንድሮ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ከሚሳለሙት ጋር ተመዝግቤያለሁ። ሁዳዴን እጾማለሁ፤ ስቅለትን እሰግዳለሁ። ልብ ማለት ያለብኝ ምንድን ነው?
ከደብረ ሲና

መልስ፦ እኅቴ፣ ያድርስሽ። የብረቱ በር በረራውን ከነመኖሩም አያውቀውም፤ ፍተሻውም አይጎዳውም። የአንቺ ጉዞ የሚወሰነው በደምሽ ነው።

የብረት ሚትራል ላለው ሰው አይ ኤን አር የሚሉት የደም መቅጠን ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል፤ የአንቺን ሐኪምሽ ጽፎልሻል። ከዚያ ከወረደ በሩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከወጣ ትደሚያለሽ። ሁዳዴ ላይ ደግሞ ይህ ቁጥር አንድ ቦታ አይረጋም። 55 ቀን ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው ይበዛል፤ እነዚህ የዋርፋሪንን ሥራ የሚያፈርሰው ቫይታሚን ኬ ሞልቶባቸዋል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። ከዚያ ፋሲካ ይገባል፤ ጎመኑ ከገበታው ይጠፋል፤ ሥጋው፣ ጠላው፣ ጠጁ ይመጣል፤ ቁጥሩ ይዘላል። ጎመን አትብዪ አልልሽም፤ ለጾመኛ እንዲህ ማለት ቀልድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከበላሽ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ይሁን፤ ኢየሩሳሌምም ስትደርሺ ማዕዱ ላይ በሰፊው የሚቀርበውን የጥሬ ቅጠል ሰላጣ በዚያው ልክ ያዢው። ከመነሣትሽ አንድ ሳምንት በፊት ተመርመሪ፤ መጠኑ ቢቀየርልሽ ለማየት ጊዜ ይኖርሻል። ከፋሲካ በኋላ በተመለስሽበት ሳምንትም ድገሚው።

አንድ ቀን ክኒኑን ብትረሺና ቀኑ ሳያልፍ ብታስታውሺ ዋጪው። ቀኑ ካለፈ የነገውን ብቻ ውሰጂ፤ ሁለት አትደርቢ። አክፍሎት ላይም ዋርፋሪን ምግብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጉንጭ ውኃ ነው። ይህንን ለንስሐ አባትሽ ከጉዞው በፊት ንገሪያቸው፤ እዚያ ሆነሽ ብቻሽን ከኅሊናሽ ጋር እንዳትሟገቺ።

ስለ ስግደቱ እንነጋገር። የደረትሽ አጥንት ከአራት ዓመት በኋላ ጠንካራ ነው፤ እሱን አልፈራም። የምፈራው ግንባርሽንና ጉልበትሽን ነው። ደሙ የቀጠነ ሰው ድንጋይ ላይ ደጋግሞ ሲሰግድ ጉልበቱ ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል፤ ከውጭ የሚታየው እብጠት ብቻ ነው። የአሮጌዋ ኢየሩሳሌም መንገድ የሚያንሸራትት ድንጋይ ነው፤ ደረጃው ብዙ ነው፤ ወደ ዴር ሱልጣን ስትወጪና ስትወርጂ ሕዝቡ ይገፋፋል። ጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርጊ፤ ነጠላሽ እግርሽ ሥር እንዳይገባ አደግድጊው። ስግደቱን በምን ልክ እንደምታደርጊ ካህኑን ጠይቂ፤ ለሕመምተኛ ሥርዓት አለው። ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ብትወድቂ ግን ቁስል ባይኖርም፣ ራስሽን ባያምሽም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። «እስቲ እስከ ነገ ልየው» የሚባልበት ነገር አይደለም።

አብረውሽ የሚሄዱት እናቶች ደጎች ናቸው፤ እግርሽን አመመሽ ሲባል ከቦርሳቸው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያወጣሉ። ተቀብለሽ አመስግኚና አትዋጪው፤ ጨጓራሽን ያደማል። ሆድሽ ቢታወክም በራስሽ ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል አትጀምሪ፤ ሁለቱም የዋርፋሪንን ኃይል ከልክ በላይ ያበረቱታል። የወሩን መርፌ ከመሄድሽ በፊት ተወጊና የተወጋሽበትን ቦታ ከሌላው ሰው ይልቅ ረዘም አድርገሽ ተጫኚው። ሌላው፣ የወር አበባሽ ቢዘገይ ከመሳፈርሽ በፊት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንስን ይጎዳልና ሐኪምሽ ወዲያው ማወቅ አለበት።

ከፍታውን ተይው። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ዮርዳኖስ ልትጠመቂ ስትወርጂማ ከባሕር ጠለል በታች ነሽ። ስትመለሺ ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ መኪናው ቢቆምና ሰው ፎቶ ለመነሣት ቢወርድ አንቺ ጋቢሽን ለብሰሽ ተቀመጪ።

ጥያቄ፦ አባቴ 70 ዓመቱ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ይኖራል። ከአምስት ወር በፊት በግራ ደረቱ ላይ የልብ ምት ማስተካከያ ባትሪ፣ ፔስሜከር፣ ተቀብሮለታል። ለዕቃ ግዢ ባንኮክ ስሄድ እግረ መንገዱን አገር እንዲያይ ልወስደው አስቤያለሁ። ይቻላል?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ይቻላል። ባትሪ የተቀበረለት ሰው ያልተወሳሰበበት ከሆነ በቀናት ውስጥም ይበራል፤ አምስት ወር ብዙ ነው። የናንተ ነገር ከደብረ ብርሃኑ የሚለየው ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ 1,280 ሜትር ገደማ በመሆኗ ነው፤ ለአባትህ አውሮፕላኑ እውነተኛ መውጣት ነው። ማረጋገጫው ግን ደጃፋችሁ ላይ አለ። አባትህ ደብረ ብርሃን መጥተው ሲውሉ ትንፋሻቸው ካልተቆራረጠ አውሮፕላኑን ፈተውታል።

በፍተሻው በር ቀጥ ብለው ይለፉ፤ መሐሉ ላይ አይቁሙ፤ አይደገፉት። ፈታሹ በእጅ የሚያዘውን መፈተሻ ባትሪው ላይ እንዳያቆየው ከባትሪው ጋር የተሰጣችሁን ካርድ አስቀድማችሁ አሳዩትና በእጁ እንዲዳብስ ጠይቁ። የቦርሳ ማንገቻ በግራ ትከሻቸው አይለፍ፤ ስልካቸውን በግራው የደረት ኪስ አይያዙ፤ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የባትሪው ካርድ ላይ ስሙ፣ ሞዴሉና የተቀበረበት ቀን አለ። ፎቶ ኮፒውን አንተ ያዝ፤ ዋናው በእርሳቸው ኪስ ይሁን፤ ገበያ ውስጥ ብትጠፋፉ የሚያክማቸው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።